ቁርጥማት ያለበት ሰው ሲያስል

ለብዙ ዓመት የመገጣጠሚያ ሕመም ሲያሠቃየው የኖረ ሰው አንድ ቀን ማሳል ሲጀምር በሰፈሩ የሚሰጠው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው «ብርድ መትቶት ነው፤ ይተወዋል» የሚለው ነው። ሁለተኛው በሹክሹክታ የሚነገር ሲሆን፣ «ሳንባውን ታሟል» ይባልና የሚጠጣበት ኩባያ ይለይበታል። በእርግጥ ሳሉ ብርድም ሳንባ ነቀርሳም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እነዚህ ሁለት ግምቶች የማይነኩት ሦስተኛ ነገር አለ፤ ይኸውም መገጣጠሚያውን ያሳመመው በሽታ ራሱ ወደ ሳንባው መዝለቁ ነው። ከዚህም የከፋው በሽታውና ባክቴሪያው በአንድ ሳንባ ውስጥ ተገናኝተው አንዱ ሌላውን የሸፈነ እንደሆነ ነው።

ለፕሮጀክት ሠራተኞችና በየአጥቢያው ሕመምተኛ ለሚጠይቁ ወገኖች ይህን ማወቅ ትርፍ እውቀት አይደለም። ሕመምተኛው ሐኪም ዘንድ ከመድረሱ በፊት የመጀመሪያውን ምክር የሚሰማው ከእነርሱ ነውና። ምክሩ የተሳሳተ እንደሆነ ወራት ይባክናሉ፤ ጠባሳ እየበላው ያለ ሳንባ ደግሞ የባከነውን ወር መልሶ አያገኘውም።

የቤቱ ውሻ ባለቤቱን ሲነክስ

ሰውነታችን ከውጭ የሚገባን ጀርም የሚያባርር መከላከያ ኃይል አለው። ይህ መከላከያ እንደ ጥሩ የቤት ጠባቂ ውሻ ነው፤ እንግዳውን ከቤተ ሰቡ ለይቶ ያውቃል። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ግን ይህ መለየት ይጠፋና ውሻው በባለቤቱ ላይ ይነሣል። በሕክምና ቋንቋ አውቶኢሚዩን የሚባሉት በሽታዎች እነዚህ ናቸው። ዓይነታቸው ብዙ ነው። ሳንባን ከሚነኩት መካከል ሩማቶይድ አርትራይተስ የተባለው የመገጣጠሚያ በሽታ፣ ቆዳን የሚያደርቀውና የሚያጠነክረው ስክሌሮደርማ፣ ጡንቻን የሚያደክመው ማዮሳይቲስ፣ ዓይንንና አፍን የሚያደርቀው የሾግረን በሽታ፣ እንዲሁም ሉፐስ ይገኛሉ።

በዚህ ጽሑፍ በብዛት የምንናገረው ስለ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው። ከ100 ወይም ከ200 አዋቂዎች አንዱን ያህል የሚይዝ ሲሆን፣ በሴቶች ላይ ከወንዶች ሁለትና ሦስት እጥፍ ይበዛል። በእርጅና ጉልበትን ከሚያደክመው ቁርጥማት የተለየ ነው። የሁለቱም እጆች ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ያብጣሉ፤ ጧት ሲነሡ ጣቶች ይደርቁና ሊጥ ለማቡካት ወይም ቁልፍ ለመቆለፍ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል። ስሙ የመገጣጠሚያ በሽታ ይሁን እንጂ መላውን ሰውነት የሚነካ ነው። ከአሥር ሕመምተኞች በአንዱ ያህል ላይ ሳንባን በሚታወቅ ሁኔታ ይጎዳል።

ጉዳቱ እንዴት ነው? ጤነኛ ሳንባ እንደ ስፖንጅ ለስላሳ ነው፤ አየር ሲገባ ይለጠጣል፣ ሲወጣም ይሰበሰባል። መከላከያው ኃይል ሳንባውን ሲያጠቃ፣ በአየር ከረጢቶቹ መካከል ያለው ስስ ግድግዳ ይቆጣል፤ ቁጣው ሲደጋገም ጠባሳ ይተካበታል። እሳት የነካው ቆዳ እንደማይለጠጥ ሁሉ ጠባሳ የያዘ ሳንባም አይለጠጥም። ሕመምተኛው በመጀመሪያ ዳገት ሲወጣ ይደክመዋል፤ ቀጥሎ ደረቅ ሳል ይይዘዋል፤ በኋላ በሜዳ ላይ ሲሄድ እንኳ ትንፋሽ ያጥረዋል። በሌሎች ላይ ደግሞ የአየር ቧንቧዎቹ ራሳቸው ይሰፉና አክታ ያጠራቅማሉ።

ይህ የሳንባ ጠባሳ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ለብቻው ለሆነ ጊዜ ኩባያ መለየት፣ ልጆችን ማራቅ፣ በጉባኤ ከኋላ ማስቀመጥ ለማንም የማይጠቅም ሲሆን ለሕመምተኛው ግን ሁለተኛ ቁስል ይሆንበታል።

ሳንባ ባዶ ቤት አይደለም

የጀርመኑ ሐኪም ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 በበርሊን ከገለጸ ጀምሮ ባክቴሪያና ሳንባ የሚነሡት እንደ ጠላት ነበር። የጤነኛ ሰው ሳንባ ከባክቴሪያ ፍጹም ንጹሕ ነው፤ ባክቴሪያ ከተገኘበት ግን ታሟል ማለት ነው፤ ትምህርቱ ይህ ነበር። በሕክምና ትምህርት ቤቶችም ለረጅም ዘመን እንዲሁ ተነግሯል።

እንዲህ የታሰበበት ምክንያት መመርመሪያው ዘዴ ነው። በዚያ ዘመን ባክቴሪያ መኖሩ የሚታወቀው በምግብ ሳሕን ላይ ተዘርቶ ሲበቅል ነበር። ያልበቀለው እንደሌለ ተቆጠረ። ብዙዎቹ የሳንባ ባክቴሪያዎች ደግሞ አየር ሲነካቸው የሚሞቱ በመሆናቸው በሳሕኑ ላይ አይታዩም። በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1977 ረቂቅ ተሕዋስያንን በውስጣቸው በተጻፈው የዘር ፊደል ለይቶ ማወቅ እንደሚቻል አሳዩ። ከዚያ በኋላ ባክቴሪያን ማብቀል ሳያስፈልግ የዘሩን ጽሕፈት በማንበብ ብቻ ማንነቱን ማወቅ ተቻለ። ይህ ዘዴ እያደገ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2010 በለንደን የሚሠሩ ተመራማሪዎች በጤነኞችና በአስም ሕመምተኞች የአየር ቧንቧ ላይ ሞከሩት። በጤነኞቹም ጭምር ባክቴሪያ ተገኘ። በቧንቧው ግድግዳ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ወደ 2,000 የሚጠጋ ነበር። በአንጀት ውስጥ ከሚኖረው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ባዶ አይደለም።

ከወዴት መጡ? አብዛኞቹ ከአፍ ነው። ተኝተን ሳለን ጥቂት ምራቅ ሳናውቀው ወደ ሳንባችን ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1978 በታተመ አንድ ጥናት በተኙ ጤነኛ ሰዎች ጉሮሮ ውስጥ ጥቂት ጨረር ያለው ፈሳሽ ተደርጎ ሲታይ፣ በጧት ከእነርሱ 45 ከመቶ በሚሆኑት ሳንባ ውስጥ ተገኝቷል። እንግዲህ ትን ማለት በማዕድ ላይ ብቻ የሚደርስ ነገር አይደለም ማለት ነው፤ ግማሾቻችን በሌሊት እንቀምሰዋለን።

በጤነኛ ሳንባ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች መንገደኞች ናቸው። ይገባሉ፤ የቧንቧው ጥቃቅን ፀጉሮች ጠርገው ያወጧቸዋል፤ ሳል ይገፋቸዋል፤ መከላከያው ኃይል ይለቅማቸዋል፤ ነገም ሌሎች ይመጣሉ። ቤት ሠርተው አይቀመጡም። ጠባሳ በያዘው ወይም ቧንቧው በሰፋበት ሳንባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጠራጊው ፀጉር ይጎዳል፣ አክታው ይወፍራል፣ የሚወጣበት መንገድ ይዘጋል። ያን ጊዜ መንገደኛው ባላገር ይሆናል፤ ጥቂት ዓይነቶች ይበዙና ሌሎቹን ያስለቅቃሉ። በስክሌሮደርማ ላይ ሌላም ይጨመራል፤ የምግብ ቧንቧው ደንድኖ ምግብን ወደ ታች መግፋት ስለሚያቅተው የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እየወጣ በሌሊት ወደ ሳንባ ይፈስሳል።

በሽታው ከሳንባ ይጀምር ይሆን?

እስካሁን የተናገርነው የታመመ ሳንባ ባክቴሪያን እንዴት እንደሚያስተናግድ ነው። ብዙ ተመራማሪዎችን የሚያስጨንቀው ጥያቄ ግን በተቃራኒው ነው፦ መጀመሪያ ሰውነቱን በራሱ ላይ ያስነሡት በሳንባና በአፍ ያሉት ባክቴሪያዎች ቢሆኑስ?

ጥያቄው ከባዶ አልመጣም። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚይዛቸው ብዙ ሰዎች አንድም መገጣጠሚያ ሳያማቸው ከዓመታት በፊት በደማቸው ውስጥ ራሳቸውን የሚወጉ አንቲቦዲዎች ይገኛሉ። እነዚህ አንቲቦዲዎች የሚያነጣጥሩት ጥቂት መልኩን በለወጠ የራስ ፕሮቲን ላይ ነው። መገጣጠሚያው ጤነኛ ሆኖ ሳለ አንቲቦዲው ከተገኘ፣ ጠቡ የተጀመረው ሌላ ስፍራ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ላርስ ክላሬስኮግና የሥራ ጓደኞቹ በስዊድን ባሳተሙት ጥናት ሲጋራ የሚያጨሱና አንድ የታወቀ የዘር ዓይነት ከወላጆቻቸው የወረሱ ሰዎች በዚህ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው እጅግ ከፍ እንደሚል አሳዩ። የሲጋራው ጢስ በሳንባ ውስጥ ያንኑ የፕሮቲን ለውጥ ያመጣል። በድድ በሽታ ጊዜ የሚበዛ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የተባለ ባክቴሪያም የራሱን መሣሪያ ይዞ ፕሮቲንን እንዲሁ የሚለውጥ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ድድም ሳንባም ተጠርጣሪዎች ናቸው።

ከዚህ በኋላ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሆሴ ሼርና ባልደረቦቹ በሽታው ገና የጀመራቸውን 20 ሰዎች ሳንባ መረመሩ። ብሮንኮስኮፕ በተባለ ቀጭን ቱቦ የሳንባውን ጥግ በጨው ውኃ አጥበው፣ በተመለሰው ውኃ ውስጥ ያለውን የባክቴሪያ ዘር አነበቡ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። በእነዚህ ሕመምተኞች ሳንባ የሚገኙት የባክቴሪያ ዓይነቶች ከጤነኞቹ ያነሱ ነበሩ። ሁኔታቸውም ይበልጥ የሚመስለው ሳርኮይዶሲስ የተባለ ሌላ የሳንባ ቁጣ ያለባቸውን ሰዎች ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ባክቴሪያው የበዛው ሳይሆን ዓይነቱ የሳሳው በታመሙት ላይ ነው። ይህ እኔን ከሁሉ የበለጠ ያስገረመኝ ነው፤ ባክቴሪያ በበዛ ቁጥር በሽታ ይበዛል ብለን ለምናስተምር ሰዎች በደንብ የሚታሰብበት ነገር ነው።

ሌላው አስገራሚ ሥራ ከጀርመን የመጣ ነው። በጎቲንገን ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ መከላከያ ኃይላቸው አንጎላቸውን እንዲያጠቃ በተደረጉ አይጦች ሳንባ ውስጥ ጥቂት ኒዮማይሲን የተባለ ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጨመሩ። የሳንባው ባክቴሪያ ስብጥር ሲለወጥ በአንጎል ላይ የነበረው ጥቃት ቀነሰ። በሳንባ ያለ ባክቴሪያ እስከ አንጎል ድረስ ትእዛዝ ያስተላልፋል ብሎ የጠበቀ ብዙ ሰው አልነበረም።

ሆኖም እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አይጥ ሰው አይደለችም። የኒው ዮርኩም ጥናት በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረገ ሲሆን፣ የባክቴሪያው መለወጥ በሽታውን አምጥቶት ይሁን ወይም በሽታው ባክቴሪያውን ለውጦት ይሁን ሊነግረን አይችልም። ጢስና እሳት አንድ ላይ ሲታዩ የትኛው እንደ ቀደመ እናውቃለን፤ በዚህ ግን ገና አልተለየም። ሳንባን «የሚያጸዳ» መድኃኒት አለኝ ብሎ ይህን የመሰለ ጥናት እየጠቀሰ የሚሸጥ ሰው ከመጣ፣ ሊታመን አይገባውም።

ታዲያ ባክቴሪያውን ብንገድለውስ?

ይህ ሐሳብ ለማንም ይመጣል፤ ለሐኪሞችም መጥቷል። የተሞከረውም በአውቶኢሚዩን በሽታ ላይ ሳይሆን መነሻው ባልታወቀና በጣም በሚመስለው የሳንባ ጠባሳ በሽታ ላይ ነው። በለንደን እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት የእነዚህ ሕመምተኞች ሳንባ ከጤነኞች ሁለት እጥፍ ያህል ባክቴሪያ እንደሚይዝና ብዙ ባክቴሪያ ያለባቸው ቶሎ እንደሚሞቱ ታይቶ ነበር። ተስፋው ትልቅ ነበር። በብሪታንያ 342 ሕመምተኞች ግማሾቹ ኮትሪሞክሳዞል፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት እንክብል ተሰጣቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ ሲወጣ በመድኃኒቱ የተጠቀመ ወገን አልተገኘም። በአሜሪካም በ513 ሕመምተኞች ላይ ኮትሪሞክሳዞል ወይም ዶክሲሳይክሊን ተሞከረ፤ የ2021 ውጤቱ ያው ነበር። ሞትም ሆነ ሆስፒታል መግባት አልቀነሰም።

ስለዚህ ደረቅ ሳል ያለበት የቁርጥማት ሕመምተኛ በየጊዜው ከመድኃኒት ቤት አሞክሲሲሊን እየገዛ ቢውጥ ጠባሳው አይለቀውም። የሚያተርፈው መድኃኒቱን የለመደ ባክቴሪያ ነው። ነገር ግን ይህን ሰምታችሁ ሐኪም ያዘዘለትን ኮትሪሞክሳዞል ማንንም እንዳታስጥሉ። አንዳንድ ሕመምተኞች ከፍ ያለ መጠን ፕሬድኒሶሎን ለሳምንታት ሲወስዱ ኮትሪሞክሳዞል የሚታዘዝላቸው ለጠባሳው ሳይሆን፣ ኒሞሲስቲስ የተባለ ፈንገስ ሳንባቸውን እንዳያጠቃ ለመከላከል ነው። እንክብሉ አንድ ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

መድኃኒቱ በሩን ሲከፍት

እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ፊሊፕ ሄንች የተባለው ሐኪም በሩማቶይድ አርትራይተስ ከአልጋ ለመነሣት ለተቸገረች አንዲት ሴት ኮርቲዞን የተባለውን መድኃኒት ሰጣት፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቆማ ሄደች። በ1950 ሄንች ከኤድዋርድ ኬንዳልና ከታዴየስ ራይክስታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ዛሬ በየስፍራው የምናውቀው ፕሬድኒሶሎን የዚያ መድኃኒት ቤተ ዘመድ ነው። ሥራው በባለቤቱ ላይ የተነሣውን ውሻ ማሰር ነው። ችግሩ የታሰረ ውሻ ሌባንም አለመያዙ ነው።

ሌባው ደግሞ በአገራችን የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2021–2025 ባወጣው ዝርዝር ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። በዓለም ላይ ከአራት ሰው አንዱ ያህል የነቀርሳው ባክቴሪያ በአንድ ወቅት እንደ ገባበት ይገመታል። አብዛኞቹ አይታመሙም፤ መከላከያቸው ባክቴሪያውን ከብቦ ያስተኛዋል። ጥበቃው ሲላላ ግን የተኛው ይነሣል። ይህ በግልጽ የታየው አዳዲሶቹ መድኃኒቶች በመጡ ጊዜ ነው። ኢንፍሊክሲማብ የተባለውን መርፌ ከወሰዱ በኋላ በነቀርሳ የታመሙ 70 ሰዎች ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2001 ታተመ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በሽታው ከሳንባ ውጭ ተሰራጭቶባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የተኛ ነቀርሳ መኖር አለመኖሩን መመርመር ደንብ ሆኗል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ደርሰናል። ቁርጥማት ያለበት ሰው ሲያስል ስሕተቱ በሁለት በኩል ሊመጣ ይችላል፤ በሁለቱም በኩል ሰው ይሞታል። በአንድ በኩል ነቀርሳ ሆኖ ሳለ «የቁርጥማቱ ነው» ተብሎ የፕሬድኒሶሎኑ መጠን ከፍ ይደረጋል፤ ሕመምተኛው ለጥቂት ቀናት ይሻለውና ባክቴሪያው በውስጡ ይስፋፋል። ፕሬድኒሶሎን ትኩሳትንም ስለሚያበርድ ማስጠንቀቂያው ምልክት ይጠፋል። በሌላው በኩል ጠባሳ ሆኖ ሳለ በራጁ ላይ ጥላ ስለታየ ብቻ የነቀርሳ መድኃኒት ለስድስት ወር ይሰጠዋል። መድኃኒቱን በታማኝነት ይጨርሳል፤ ሳሉ አይለቀውም፤ አንዳንዴም እንደገና ያስጀምሩታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጠባሳው ሥራውን ይሠራል።

ከዚህ የሚያወጣው የአክታ ምርመራ ነው። ከ2010 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የተቀበለው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ የነቀርሳውን ባክቴሪያ በዘሩ ለይቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይናገራል፤ ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት መልመድ አለመልመዱንም ያሳያል። በማይክሮስኮፕ ብቻ ሲታይ ግን የነቀርሳው ባክቴሪያና በአፈርና በውኃ የሚኖሩት ዘመዶቹ አንድ ይመስላሉ። እነዚህ ዘመዶቹ ቧንቧው በሰፋ ሳንባ ውስጥ መኖር ይወዳሉ፤ መድኃኒታቸውም ሌላ ነው። በተደጋጋሚ ተመርምሮ በአክታው ምንም ያልተገኘበት፣ የነቀርሳ መድኃኒትም ያልረዳው ሰው መገጣጠሚያውና ቆዳው ሊታይ፣ ሲቲ ስካንም ወዳለበት ሆስፒታል ሊላክ ይገባዋል። አክታው ጥሩ መሆን አለበት፤ ምራቅ ተተፍቶ «ምንም የለም» ቢባል ማስረጃ አይሆንም።

በቤትና በጉባኤ

ፕሬድኒሶሎን ለሳምንታት የወሰደ ሰው በአንድ ቀን ሊያቆመው አይገባም። ሰውነት ያንኑ ቅመም ራሱ መሥራቱን ስለሚተው፣ መድኃኒቱ በድንገት ሲቀር ይዝላል፣ ያስመልሳል፣ የደሙ ግፊት ይወርዳል፣ ሊሞትም ይችላል። ለሕመምተኛ መጸለይና መድኃኒቱን ማስጣል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሽማግሌዎች ቢያስታውሱ መልካም ነው። እንዲሁም «ቁርጥማትን ያስለቅቃል» ተብሎ በየመንገዱ የሚሸጥ ስም የሌለው እንክብል ብዙ ጊዜ በውስጡ ይህንኑ መድኃኒት የያዘ ሊሆን ይችላል። በቶሎ ፊቱ የሞላና የወፈረ ሕመምተኛ ካያችሁ ምን እንደሚውጥ ጠይቁት።

ሜቶትሬክሴት የተባለው መድኃኒት ለቁርጥማቱ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ይህን እደግመዋለሁ፤ በሳምንት አንድ ቀን። በየቀኑ የዋጠው ሰው መቅኔው ደም መሥራት ያቅተዋል፤ ተራ ባክቴሪያም ይገድለዋል። ቀኑን ለይቶ በእንክብሉ ማስቀመጫ ላይ መጻፍ፣ ማንበብ ለማይችል ደግሞ ከገበያ ቀን ጋር ማያያዝ ይቻላል።

አፍን በመፋቂያም ሆነ በብሩሽ በየቀኑ ማጽዳት ለእነዚህ ሰዎች ከውበት ያለፈ ጥቅም አለው፤ ሌሊት ወደ ሳንባ የሚወርደው ያው የአፋቸው ምራቅ ነውና። የሚደማ ድድ ይታከም። ስክሌሮደርማ ያለበት ሰው ከእራት በኋላ ወዲያው አይተኛ፤ የአልጋውን ራስጌ በጡብ ከፍ ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም። ሲጋራ መተው አለበት። በተዘጋ ማድ ቤት ውስጥ ያለውን ጢስ ማስወጣትና ድንጋይ የሚፈልጥ ሰው ከአቧራው መራቁም ለሳንባው ነው፤ በዌልስ አገር በከሰል ማዕድን ሠራተኞች ላይ አቧራና ሩማቶይድ አርትራይተስ ተደራርበው ሳንባን እንዴት እንደሚጎዱ አንቶኒ ካፕላን የተባለ ሐኪም ገና በ1953 ጽፎበታል። የሳንባ ምችና የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በሚገኝበት ስፍራ መከተብ ይገባል፤ ነገር ግን ሕያው ጀርም ያለባቸው አንዳንድ ክትባቶች መከላከያው ለተዳከመ ሰው ስለማይሆኑ፣ ከመከተቡ በፊት የሚወስደውን መድኃኒት ለጤና ባለሙያው ይናገር።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሕመምተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ ስትልኩ በመላኪያው ወረቀት ላይ «ሳል አለው» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። ሳሉ ከጀመረ ስንት ሳምንት እንደ ሆነው፣ አክታ ወይም ደም እንዳለው፣ ሌሊት ያልበው እንደሆነና ክብደቱ እንደ ቀነሰ፣ በቤቱ ነቀርሳ የታከመ ሰው መኖሩን፣ ጧት ጣቶቹ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚደርቁ ጻፉ። የሚውጣቸውን እንክብሎች ሁሉ፣ ያለ ማዘዣ የገዛቸውንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል አድርጎ ይዞ ይሂድ። ቀድሞ የነቀርሳ መድኃኒት ወስዶ ከሆነ መቼ እንደ ጀመረ፣ መቼ እንደ ጨረሰና በዚያን ጊዜ በአክታው ባክቴሪያው ታይቶ እንደ ነበር ወይስ በራጅ ብቻ እንደ ተጀመረ ለይታችሁ አስፍሩ፤ የቀድሞው ካርድ ካለም ከወረቀቱ ጋር አያይዙት።